30 ዓመት የሞላት መኪናዬን ልጠግናት ወይስ በአዲስ ልለውጣት?

ባለ እጅ ማርሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ መኪና የምታውቁና የምትቆረቆሩ ሰዎች ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ብዬ ነው ይህን መጻፌ። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የምነዳት መኪና በ1995 የተሠራች፣ ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተርና የእጅ ማርሽ ያላት የቤት መኪና ናት። ሞተሯ ዘይት አይበላም፣ አያጨስም፣ ጠዋት ያለ ችግር ይነሳል። ሆኖም ዕድሜዋ በሌላ በሌላው በኩል መታየት ጀምሯል። የፊት እግሯ ቡሾች (የመገጣጠሚያ ጎማዎች) ስላለቁ ጉድጓድ ስትነካ ታንኳኳለች፤ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ቱቦዎች ደርቀዋል፤ የፊት መብራቶቿ አምፖላቸው ተቀይሮም እንኳ ደብዛዛ ናቸው፤ ከበሮቹ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ ደግሞ ቀለሙ አብጦ ዝገት ብቅ ብሏል።

መካኒኬ ገና ብዙ ዓመት እንደምታገለግል ይነግረኛል። ቤተሰቦቼ በተቃራኒው ለጥገና የማወጣውን ገንዘብ አጠራቅሜ ዘመናዊ መኪና እንድገዛ ይመክሩኛል። በቅርቡ አንድ አዲስ መኪና የመንዳት ዕድል ገጥሞኝ ነበር፤ ጸጥታውንና የፍሬኑን ጥንካሬ በእጅጉ አደነቅሁ። ኮፈኑን ስከፍት ግን ሞተሩ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ምኑም አይታይም፤ የአየር ማቀዝቀዣውን ለመቀነስም ዓይኔን ከመንገዱ ላይ አንስቼ ስክሪን ውስጥ መፈለግ ነበረብኝ። ስለዚህ አዲሶቹ መኪናዎች በእርግጥ የሚበልጡት በምንድን ነው? የሚያንሱትስ? መኪናዬን ለማቆየት ብወስን ደግሞ ከየትኛው ሥራ ልጀምር?

ካምቢዮ፦

ጥያቄዎን በጥሞና አነበብሁት። ዝገቱ የላይኛውን ቆርቆሮ ብቻ የነካ ከሆነ ያቆዩዋት፤ ውስጥ ድረስ የዘለቀ ከሆነ ግን ሌላ ስሌት ስለሚመጣ እሱን አስቀድመው ያረጋግጡ።

አንድ መኪና ማርጀቱ የሚታወቀው በተሠራበት ዓመት ወይም በቆጠረው ኪሎ ሜትር ነው የሚለውን አባባል አልቀበለውም። ለእኔ ዋናው መለኪያ፣ ሲበላሽ የብልሽቱን ምክንያት አግኝቶ የተበላሸውን ክፍል ብቻ መቀየር ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ ምርቷ በ2003 የቆመው ቮልስ ዛሬም ድረስ በየመንገዱ የምትታየው ሞተሯ የማይበላሽ ሆኖ አይደለም፤ ይበላሻል፣ ነገር ግን በተራ መፍቻዎች ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ተጠግኖ ይመለሳል። ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ የተመረተው መርሴዲስ ደብልዩ 123ም እንዲሁ ነው፤ በብዛት ስለተመረተ መለዋወጫው አልጠፋም፣ መለዋወጫው ስላልጠፋም መኪናው አልሞተም። የእርስዎም መኪና በብዛት ከተሸጡት ወገን ከሆነች ትልቁ ጭንቀት ቀለለ ማለት ነው።

ይህን ስል አዲሶቹን መኪናዎች ለማጣጣል አይደለም። ሞተሮቻቸው የሚመረቱት በእጅግ ጥብቅ ልክ ነው፤ ቆርቆሯቸው በዚንክ ስለሚለበጥ ዝገትን ይቋቋማል፤ ከአንድ ሊትር ነዳጅ የሚያወጡትን ጉልበት የእኛ ዘመን ሞተሮች ሊያልሙት አይችሉም። ቅሬታዬ ያለው አምራቾች በነዳጅ ቁጠባና በጭስ ቁጥጥር ሕግ ተገፍተው በወሰዷቸው አንዳንድ እርምጃዎች ላይ ሲሆን፣ ዋጋውንም የሚከፍለው ዋስትናው ካለቀ በኋላ መኪናውን የሚይዘው ሰው ነው።

ነዳጁን ቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ኢንጄክሽንን (የነዳጅ መርጫ ዘዴን) እንመልከት። በእርስዎ መኪና ውስጥ ቤንዚኑ የሚረጨው ከመግቢያ ቫልቮቹ ጀርባ ነው፤ ግፊቱም 3 ወይም 4 ባር ገደማ ስለሆነ ፖምፓውም ኢንጄክተሩም ቀላል ነው፤ ቤንዚኑ ደግሞ በቫልቮቹ ላይ እያለፈ ያጥባቸዋል። በአዲሱ አሠራር ነዳጁ ከ200 ባር በላይ በሆነ ግፊት ሲሊንደሩ ውስጥ ስለሚረጭ ቫልቮቹን የሚያጥብ ነገር የለም፤ ከሞተሩ ሆድ የሚመጣው የዘይት ትነት እየተጋገረባቸው ሄዶ ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ሞተሩ ሥራ ፈት ሲል ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። አምራቾቹ ራሳቸው ችግሩን ስላወቁት ቶዮታን የመሰሉት በአንዳንድ ሞተሮቻቸው ሁለቱንም ዓይነት ኢንጄክተር በአንድ ላይ መግጠም ጀምረዋል። ይህ ብልህ መፍትሔ ነው፤ ሆኖም በአንድ ሞተር ላይ የሚጠገነውን የኢንጄክተር ቁጥር በእጥፍ ይጨምራል።

በዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚዞረው የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖቹ ጋር የሚያገጣጥመው ቀበቶ፣ ግን ይበልጥ ያሳዝነኛል። ሰበቃን ለመቀነስ ተብሎ የጎማ ቺንጋ ዘይት ውስጥ ገባ፤ በትክክለኛው ጊዜ ያልተቀየረ ወይም ዓይነቱ የተሳሳተ ዘይት ቺንጋውን ይበላዋል፤ የተበጣጠሰው ጎማም ወደ ዘይት ፖምፓው ማጣሪያ ሄዶ ስለሚዘጋው ሞተሩ ዘይት ተነፍጎ ይቃጠላል። በደረቁ ቺንጋ ጊዜ ሽፋኑን ፈትቶ ስንጥቁን በዓይን ማየት ይቻል ነበር።

ሌላው ‘ዕድሜ ልኩን አይቀየርም’ እየተባለ የሚሸጠው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ዕድሜ ልክ የተባለው የማን ዕድሜ እንደሆነ አይነገርም። ለብዙ የመኪና ብራንዶች ካምቢዮ የሚያቀርበው ዜድ ኤፍ ራሱ እንደ አነዳዱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራል፤ መኪናውን የሚሸጠው አምራች ግን በሰርቪስ መጽሐፉ ላይ አይቀየርም ብሎ ይጽፋል። አዲስ የሚገዙ ከሆነ መጽሐፉን ትተው የካምቢዮውን ሠሪ ይስሙ።

ወደ እርስዎ መኪና ስመለስ፣ ከማቀዝቀዣው ክፍል እንዲጀምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ደህና የነበረን ሞተር በአንድ ቀን የሚገድለው ማፍላት ነው። የደረቁትን ቱቦዎች ሁሉ፣ ቀጫጭኖቹን የማሞቂያ ቱቦዎች ጭምር፣ ከነማሰሪያዎቻቸው ይቀይሩ፤ ቴርሞስታቱንና የራዲያተሩን ክዳንም አብረው ይቀይሩ። ብዙ ሰው ክዳኑን እንደ ተራ መክደኛ ይቆጥረዋል፤ እሱ ግን ግፊት ጠባቂ ቫልቭ ነው። 1 ባር ገደማ ተጨማሪ ግፊት ሲይዝ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከ100 ወደ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርሰዋል፤ ስፕሪንጉ ከላላ ግን ምንም ሳይበላሽ ሞተሩ ያፈላል፣ ከዚያም ባለቤቱ በሌለ ጥፋት ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያስወርዳል። የሚሞሉት ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሁለት የማይስማሙ ዓይነቶች ሲደባለቁ ዝገት መከላከያቸው ሊከሽፍ ይችላል። ይህ ሥራ ሲሠራ የታይሚንግ ቺንጋው የተቀየረበት ጊዜ በትክክል ካልታወቀ እሱንም፣ የውሃ ፖምፓውንም፣ የቺንጋ መወጠሪያውንም በአንድ ጊዜ ይጨርሱ፤ አንዱን ለመቀየር የሚፈታው ለሌላውም የሚፈታው ነው።

ቀጥሎ የፍሬን ዘይት። ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ሲሆን፣ ውሃ ከገባበት በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው ልክ 155 ዲግሪ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ፈልቶ ፔዳሉ ድንገት ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በየ2 ዓመቱ መቀየር ቀላል ሥራ ሆኖ ሳለ እጅግ የተረሳ ነው። ቡሾቹንና ቴስቲናዎቹን (የመሪና የእግር መገጣጠሚያ ኳሶቹን) ከዚያ በኋላ ያሠሩ፤ ከሥራው በኋላም የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ ያስደርጉ፤ አለበለዚያ አዲሱ ጎማ ባንድ ጎኑ ይበላል።

መሪ ጨባጭ፦

ካምቢዮ የጻፉት የጥገና ምክር ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን ስለ ደኅንነት አንድም ቃል አለመጻፋቸው አሳስቦኛል። አሮጌ መኪና የምንወድ ሰዎች በብዛት የምንሸሸው ይህን ርዕስ ነውና እኔ ላንሳው።

በ2009 በአሜሪካ የሚገኘው የመንገድ ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ የ1959 ሼቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጨ። ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ ነበር። ከባድና ‘ብረቱ የማይበገር’ የሚባለው አሮጌው መኪና የሹፌሩ ክፍል ሙሉ በሙሉ ተጨፈለቀ፤ በአዲሱ ውስጥ የነበረው አሻንጉሊት ሹፌር ግን ቀላል የእግር ጉዳት ብቻ ነበር የሚያሳየው። የድሮ መኪና ብረቱ ወፍራም ስለሆነ ይጠብቀናል የሚለው እምነት ከዚያ ፈተና በኋላ መቆም አልነበረበትም። ሰውን የሚያድነው የቆርቆሮው ውፍረት ሳይሆን፣ ፊቱ እየታጠፈ የግጭቱን ኃይል የሚበላ፣ የሰዎቹ ክፍል ግን ቅርጹን የሚጠብቅ ንድፍ ነው።

እርግጥ ነው፣ የእርስዎ መኪና የ1959 አይደለችም። ሆኖም የአውሮፓው የአዳዲስ መኪናዎች ፈተና፣ ዩሮ ኤንካፕ፣ የመጀመሪያ ውጤቱን ያወጣው በ1997 ነው፤ ማለትም መኪናዎ የተነደፈችው ያ ፈተና አምራቾችን ማስጨነቅ ከመጀመሩ በፊት ነው። በመርሴዲስ መኪና ላይ በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ የወጣው የመንሸራተት መቆጣጠሪያም በእርስዎ መኪና ላይ አይኖርም። ይህ መሣሪያ መኪናው ከሹፌሩ ፍላጎት ውጪ መሽከርከር ሲጀምር አንዱን ጎማ ለይቶ ፍሬን በመያዝ ወደ መስመሩ ይመልሰዋል፤ ከላይ የጠቀስሁት የአሜሪካው የኢንሹራንስ ተቋም ባደረገው ጥናት አንድ መኪና ብቻውን የሚደርስበትን የሞት አደጋ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ከመቀመጫ ቀበቶ በኋላ የዚህን ያህል ሕይወት ያተረፈ ነገር ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከአነዳድዎ ጋር የተያያዘ ነው። መኪናዎን በከተማ ውስጥ፣ በቀን፣ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚነዷት ከሆነ ያቆዩዋት። ሕፃናት ጭነው ሌሊት በረጅም መንገድ የሚጓዙ ከሆነ ግን የመንሸራተት መቆጣጠሪያና የጎን ኤርባግ ያለው፣ ከ2010 ወዲህ የተሠራ፣ ብዙ ኤሌክትሮኒክስ ያልተጫነበት ቀላል መኪና ይመልከቱ። በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚወድቁት የእነዚያ ዓመታት መኪናዎች ለእኔ የተሻለውን ሚዛን የያዙ ናቸው።

የሚያቆዩዋት ከሆነ ደግሞ ጎማዎቹን ይመልከቱ። በጎኑ ላይ የታተመው የመጨረሻው ባለ 4 አሃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ 2319 የሚል ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ላስቲኩ ከጠነከረ እርጥብ መንገድ ላይ አይዝም።

ባለ ሽቦው፦

በሙያዬ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። መሪ ጨባጭ ስለ ደኅንነት የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ‘ብዙ ኤሌክትሮኒክስ ያልተጫነበት’ የሚለው ሐረግ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል፤ ኤሌክትሮኒክስ በራሱ የጥገና ጠላት አይደለምና።

ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ፣ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ የሚሸጡ የቤንዚን መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የምርመራ ሶኬት እንዲኖራቸው በሕግ ሲደነገግ፣ ለአነስተኛ ጋራዦች ትልቅ በር ነው የተከፈተው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አምራች የራሱ ሶኬትና የራሱ ኮድ ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ግን በአንድ ርካሽ ማንበቢያ የማንኛውንም መኪና ሞተር ብልሽት ማየት ተቻለ። የኦክስጅን ሴንሰሩ ስንት ቮልት እንደሚሰጥ፣ ሞተሩ ነዳጅ እየጨመረ ይሁን እየቀነሰ በቁጥር እያዩ መሥራት በጆሮ ከመገመት እጅግ ይሻላል። ኮዱን አንብቦ የተጠቀሰውን ሴንሰር ሳይመረምር የሚቀይር መካኒክ ካለ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ ኮዱ የሚናገረው ችግሩ የታየበትን ቦታ እንጂ መንስኤውን አይደለም።

እኔን የሚያስቆጣኝ መቆለፉ ነው። በአንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ባትሪ ወይም የፊት መብራት ሲቀየር እንኳ አዲሱን ዕቃ ለመኪናው ኮምፒውተር በልዩ ፕሮግራም ማስተዋወቅ ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙም የሚገኘው በአምራቹ ፈቃድ ነው። ዕቃው በእጅህ እያለ፣ በትክክል ተገጥሞ እያለ፣ መኪናው አላውቀውም ይላል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት በ2012 አምራቾች የምርመራ መረጃውን ለነፃ ጋራዦች እንዲያካፍሉ የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል፤ በ2020 ደግሞ የግዛቱ መራጮች ሕጉ መኪናው በገመድ አልባ የሚልከውንም መረጃ እንዲጨምር ድምፅ ሰጥተዋል። የመኪና ወዳጆች ጉልበታችንን ማዋል ያለብን እዚህ ላይ ነው፤ ሴንሰርን በመርገም ጊዜ ማጥፋት የለብንም። ስለ ስክሪኑም ጠያቂው ያነሱት ቅሬታ ተሰሚነት እያገኘ ነው፤ ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻንና የዝናብ መጥረጊያን ለመሳሰሉ መሠረታዊ ነገሮች በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ ያላቸውን መኪናዎች በነጥብ አሰጣጡ እንደሚያበረታታ አስታውቋል።

አሁን ወደ ደብዛዛው መብራት ልምጣ። አምፖል ተቀይሮ ካልተስተካከለና የመብራቱ መስታወት ወይም ፕላስቲክ ካልደፈረሰ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ መኪና ላይ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ነው። የሃሎጅን አምፖል ለቮልቴጅ እጅግ ስስ ነው፤ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ ሳለ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት የሚነበብ ከሆነ ዲናሞው ደህና ነው። ከዚያ የመለኪያውን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በአምፖሉ ሶኬት የመሬት ሽቦ ላይ ያድርጉ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበቡ የመሬት ሽቦው የታሰረበት ቦታ ዝጓል፤ ፈትቶ ብረቱ እስኪያበራ መፈተግና መልሶ ማጥበቅ ነው። በፖዘቲቩም በኩል እንዲሁ ይለኩ። እዚያ ብዙ ቮልት የሚጠፋ ከሆነ የመብራቱ ኃይል በዳሽቦርዱ ማብሪያ በኩል እየዞረ ይሆናል፤ ከባትሪው ቀጥታ በፊውዝና በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) የሚመጣ ወፈር ያለ ሽቦ መዘርጋት መብራቱን ይለውጠዋል፣ ማብሪያውንም ከመቃጠል ያድነዋል። ከፍተኛ ዋት ያለው አምፖል መግጠም ግን ሽቦውንና ሶኬቱን ስለሚያቀልጥ አይሞክሩት።

ባለ እጅ ማርሽ፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። በከተማ ውስጥ ነው የምነዳት፤ ሌሊት ረጅም መንገድ አልሄድም፤ ስለዚህ የመሪ ጨባጭን ሚዛን ተቀብዬ ላቆያት አስባለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ዝገቱ ውስጥ ድረስ መዝለቁን በምን አውቃለሁ? ደግሞም አንድ ወዳጄ ሞተሩ ስላረጀ ወፍራም ዘይት፣ 20 ደብልዩ 50፣ እንድሞላ መክሮኛል፤ ይህስ ትክክል ነው?

ካምቢዮ፦

መሪ ጨባጭ ያረሙኝ በትክክል ነው፤ በከተማ የሚነዱ መሆንዎን መስማቴም ደስ አሰኝቶኛል።

ስለ ዝገቱ፣ መኪናዋን በሊፍት አስነስተው ከሥር ይመልከቷት። ከበሮቹ ሥር ያለው ጠርዝ ውስጡ ክፍት ሣጥን ስለሆነ ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ቀለሙ ሲያብጥ ውስጡ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተበልቷል። በጠፍጣፋ መፍቻ እጀታ በየቦታው መታ መታ ያድርጉት፤ ጤናማ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላ ግን ድምፁ ይታፈናል ወይም ይሰረጉዳል። በተለይ ክሪክ የሚያርፍበትን ቦታ፣ የፊት እግሩ ከአካሉ ጋር የሚያያዝበትንና የአሞርዛተሮቹን ጫፍ ይመርምሩ። እነዚህ ጤነኛ ከሆኑ የተበላውን ጠርዝ ቆርጦ አዲስ ቆርቆሮ መበየድ የተለመደ ሥራ ነው፤ ከብየዳው በኋላ ሣጥኑ ውስጥ የዝገት መከላከያ ሰም ማስረጨትን፣ ከሥር ያሉትንም የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ማስከፈትን አይርሱ፤ እነሱ በጭቃ ሲዘጉ ነው ውሃው ተቋጥሮ የሚቀረው። በፋይበርና በስቱኮ የሚሸፍን ሰው ካጋጠመዎ አይስማሙ፤ ከሥሩ ዝገቱ ይቀጥላልና። የእግሩ ማያያዣዎች ከተበሉ ግን፣ ሞተሩ ምንም ያህል ደህና ቢሆን፣ ገንዘብዎን አያፍስሱባት።

ዘይቱን በተመለከተ፣ ሞተርዎ ዘይት የማይበላና የዘይት ግፊቱ ደህና ከሆነ ለማወፈር ምንም ምክንያት የለም። ወፍራም ዘይት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ለመድረስ ይዘገያል፤ ብዙው መፋቅ የሚደርሰው ደግሞ በእነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ነው። የመኪናዋ መጽሐፍ እንደ አካባቢው ሙቀት የትኛው ውፍረት እንደሚሞላ ሰንጠረዥ ይኖረዋል፤ እሱን ይከተሉ። ከውፍረቱ ይልቅ በጊዜው መቀየሩና ጥሩ ፊልትሮ መግጠሙ ይጠቅማታል፤ በከተማ አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና ዘይቷ በደንብ ስለማይሞቅ ቤንዚንና እርጥበት ይጠራቀምበታል፤ ስለዚህ መጽሐፉ ‘ለከባድ አገልግሎት’ ብሎ በሚያስቀምጠው አጭሩ የኪሎ ሜትር ልክ ይቀይሩላት። ሊፍት ላይ ወጥታ ካየናት በኋላ የፊት እግሯን ቡሾች ዓይነት ልንነጋገር እንችላለን፤ ፎቶ ቢያነሱ ጥሩ ነው።